ጌኦርግ ኖይማንና አርባ ስምንቱ ቮልት

በድምፅ ሥራ የሚተዳደር ሰው ሁሉ ኖይማን የሚለውን ስም ያውቃል። ስሙ በማይክሮፎን ገላ ላይ ተቀርጾ እናየዋለን፤ በባለሙያዎች ጨዋታ መካከልም እንደ ማዕረግ ሲጠራ እንሰማዋለን። ነገር ግን ይህ ስም የአንድ ሰው ስም እንደ ነበረ፣ ያም ሰው ፋብሪካው በጦርነት ከተቃጠለበት በኋላ ሥራውን እንደ ገና የጀመረ መሆኑን፣ እኛም በጎንደር አድባራት ማኅሌት ለመቅረጽ የምንሸከማት ትንሽ የኃይል ሣጥን የእርሱ ሥራ ልጅ መሆኗን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የመጽሔታችን አዘጋጆች ከሙያችን ቀደምቶች የአንዱን ሕይወት እንድጽፍ ባዘዙኝ ጊዜ እርሱን የመረጥሁት ስለዚህ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ጌኦርግ ኖይማን ከዓድዋ ድል በሁለተኛው ዓመት፣ ኦክቶበር 13 ቀን 1898፣ ከበርሊን ብዙ በማይርቀው በኮሪን ተወለደ። ሙያ የተማረው የስልክና የቴሌግራፍ ዕቃ ይሠራ በነበረው ሚክስ ኡንድ ጌኔስት በተባለው የበርሊን ፋብሪካ ነው። ይህ ነገር ኋላ ለምንደርስበት ታሪክ ያስፈልገናልና ይታወስ፤ ሰውየው ወደ ድምፅ ሥራ የገባው በስልክ በር ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን አገር ተልከው ዘፈናቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ከ1908 ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ሲሆን፣ ያን ጊዜ ኖይማን ገና የዐሥር ዓመት ያህል ልጅ ነበር። ነጋድራስ የዘፈኑት በማይክሮፎን ፊት አልነበረም። ድምፃቸው በጥሩምባ መሰል ቀንድ ተሰብስቦ፣ በገዛ ጉልበቱ መርፌውን ገፍቶ ነው ሰሙን የጫረው። በዚያ ዘመን ጉሮሮው ያልጠነከረ ሰው ለሸክላ አይመረጥም ነበር። ለስላሳው ድምፅ፣ የበገና ንዝረት፣ የሽማግሌ ዜማ ወደ ሸክላ ሊገባ የሚችለው ሌላ መሣሪያ ሲፈጠር ብቻ ነበር፤ ያን መሣሪያ ከሠሩት እጆች አንዱ የዚህ የኮሪን ልጅ እጅ ነው።

ኖይማን ከሚክስ ኡንድ ጌኔስት ወጥቶ አ.ኤ.ጌ. ወደ ተባለው ታላቅ የኤሌክትሪክ ኩባንያ የምርምር ክፍል ገባ፤ አለቃው ኦይገን ራይስ ነበር። ራይስ የራሱን ድርጅት ባቋቋመ ጊዜም ተከትሎት ሄደ። የጊዜው ማይክሮፎን የስልክ ማይክሮፎን ነበር፤ በትንሽ ዕቃ ውስጥ የተጠቀጠቀ የከሰል ዱቄት በድምፅ ሲጨመቅና ሲላቀቅ የሚያልፍበትን ኤሌክትሪክ ይለዋውጣል። ይህ ለስልክ በቂ ነው፣ ለሙዚቃ ግን አይበቃም፤ ያፍናል፣ ያንኮሻኩሻል። ኖይማን የከሰሉን ዱቄት በእምነ በረድ ጠርብ ላይ በስሱ ዘርግቶ በቀጭን ሽፋን ሸፈነውና ኤሌክትሪኩን በዱቄቱ አግድም አሳለፈ። እምነ በረዱ ከባድ ስለሆነ አይነዝርም፤ ስስ የሆነው የከሰል ንጣፍም ድምፅን ከቀድሞው ይልቅ በእኩልነት ይቀበላል። የጀርመን ሬዲዮ በ1923 ሥራ ከጀመረ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተናገረው በዚህ የእምነ በረድ ማይክሮፎን ነው። ዓለም የሚያውቀው ግን የራይስ ማይክሮፎን በሚል ስም ነው። ሠሪው አንዱ፣ ስመ ጥሩው ሌላው መሆኑ በእኛም ሙያ የተለመደ ነውና አንባቢን አያስደንቀው ይሆናል።

በ1928 ኖይማን ከባልደረባው ከኤሪክ ሪክማን ጋር በርሊን ላይ የራሱን ድርጅት አቋቋመ። ዓላማውም አንድ ነበር፤ ኮንዴንሰር ማይክሮፎንን ከምርምር ክፍል አውጥቶ በብዛት የሚሠራ ዕቃ ማድረግ።

ኮንዴንሰር ማይክሮፎን እንዴት እንደሚሠራ ባልደረቦቼ ያውቁታል፤ ስለ ኃይሉ ለመናገር ግን አንድ ጊዜ መድገሙ ግድ ነው። ሁለት ገጽ አለው። አንደኛው የማይነቃነቅ ብረት ነው፤ ሁለተኛው ከእርሱ ፊት እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ እጅግ ስስ ሽፋን ነው። በሁለቱ መካከል ኤሌክትሪክ ይከማቻል። ድምፅ ሽፋኑን ሲያወዛውዘው ርቀቱ ይለዋወጣል፤ ርቀቱ ሲለዋወጥም በሁለቱ ገጾች መካከል ያለው ቮልቴጅ ይለዋወጣል። የሚያንቀሳቅሰው ከባድ ነገር ስለሌለ ከጸናጽል ቅጭልጭልታ አንሥቶ እስከ ከበሮ ጉምታ ድረስ በታማኝነት ይከተላል። ችግሩ ግን ሁለት ነው። በአንድ በኩል ገጾቹን የሚሞላ ቮልቴጅ ያስፈልጋል፤ በሌላ በኩል የሚወጣው ምልክት እጅግ ደካማ በመሆኑ ጥቂት ሜትር ገመድ ብቻ ይበቃዋል፣ ውጦ ያስቀረዋል። ስለዚህ ማጉያው ከሽፋኑ ሥር፣ በዚያው በማይክሮፎኑ ገላ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ማጉያው ደግሞ ያን ጊዜ የመስታወት ቫልቭ ነበር፤ ቫልቭም ይበላል።

ከዚህ የተነሣ የኖይማን የመጀመሪያ ማይክሮፎን ሲ.ኤም.ቪ. 3 ርዝመቱ 40 ሣንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱ 3 ኪሎ ግራም ገደማ ሆነ። ቅርጹን ያዩ ሁሉ የኖይማን ጠርሙስ አሉት። የኃይል ምንጩም ከውጭ በተለየ ሣጥን ይመጣለት ነበር። እንግዲህ የውጭ የኃይል ሣጥን ከኮንዴንሰር ማይክሮፎን ጋር አብሮ የተወለደ እንጂ ኋላ የተጨመረ ነገር አይደለም።

ይህ ጠርሙስ አራት ዓመት በሆነው ጊዜ፣ በ1932፣ የፈረንሳዮቹ የዳካር ጂቡቲ የምርምር ጓድ ጎንደር ሰፍሮ ነበር። ሚሼል ሌሪስ የዛር ባለሟሎችን ዘፈን በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ረዳትነት በደብተር ላይ እየጻፈ ሲያጠራቅም ወራት አሳለፈ። ቃሉ በደብተሩ ቆይቶልናል፤ የአዝማሚያው ጣዕም፣ የጭብጨባው አመታት ግን በብዕር አይያዝም። የበርሊኑን ጠርሙስ ከነሣጥኑና ከነባትሪዎቹ በአጋሰስ ጭኖ ወደ ጎንደር ማውጣት በዚያ ዘመን የሚታሰብ ነገር አልነበረም። መሣሪያው ነበረ፤ ወደ ድምፁ የሚሄድበት እግር ግን አልነበረውም።

ኖይማን ከማይክሮፎን ሌላ የሸክላ መቅረጫ ማሽንም ይሠራ ነበር፤ በዚህም ስሙ ከማይክሮፎኑ አያንስም። ይሁን እንጂ ይህ ሌላ ጽሑፍ የሚፈልግ ነውና አልፈዋለሁ።

የማልፈው ግን አንድ ነገር አለ ብዬ አላስብም፤ እርሱም ከ1933 በኋላ ያለው ዘመን ነው። የጀርመን ሬዲዮ በናዚ መንግሥት እጅ ወደቀ። የኖይማን ጠርሙስ በአደባባይ መድረኮች ላይ በእነዚያ ገዢዎች አፍ ፊት ቆሞ ዓለምን ያቃጠለውን ንግግር ለሕዝብ አደረሰ፤ የ1936ቱን የበርሊን ኦሎምፒክም ያስተላለፈው እርሱ ነው። ማይክሮፎን አይመርጥም፤ የሚያስቀምጠው ሰው ግን ይመርጣል። አንዳንድ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ዘመን በሁለት መስመር ዘልለው ወደ ድኅረ ጦርነቱ ማይክሮፎን ሲሮጡ አያለሁ፤ እኔ ግን የሙያ ሰው ዕቃው ከማን ፊት እንደ ቆመ ቢጠየቅ ተገቢ ነው ባይ ነኝ።

በኖቬምበር 1943 የአየር ድብደባ የበርሊኑን ፋብሪካ አቃጠለው። ድርጅቱ ከተረፈው ዕቃና ሠራተኛ ጋር በቱሪንገን ወደምትገኘው ወደ ትንሽቱ ጌፌል ተሰደደ። ጦርነቱ ሲያበቃ ጌፌል በሶቪየት ክልል ውስጥ ቀረች። አገሩ ለሁለት ሲከፈል ድርጅቱም ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ክፍል በጌፌል ቀጠለ፣ ሌላውን ኖይማን ራሱ በምዕራብ በርሊን እንደ ገና ተከለው።

በዚያ መካከል ኖይማን ፓሪስ ነበር። እዚያም በ1947 ከድምፅ የራቀ የሚመስል ነገር ሠራ። የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ከቀድሞም የታወቀ ቢሆንም ሲሞላ ጋዝ ስለሚያወጣ ክፍት መሆን ነበረበት፤ ከተዘጋ ይፈነዳል። ኖይማን የሚወጣው ጋዝ እዚያው በውስጥ ተመልሶ እንዲዋሐድ የሚያስችል መንገድ አገኘና ባትሪው በአየር የማያሳልፍ ክዳን ተዘጋ። ከዚህ በኋላ ነው ተገልብጦ የሚሄድ፣ የማይፈስ፣ መቶ ጊዜ የሚሞላ ባትሪ ወደ ኪስ ሬዲዮና ወደ ተንቀሳቃሽ ቴፕ ሬኮርደር የገባው። ማይክሮፎኑን የሠራ ሰው ማይክሮፎኑን ከግድግዳ መሰኪያ የሚያላቅቀውንም ነገር መሥራቱ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። በማይክሮፎን ታሪክ መጻሕፍት ግን ይህ ሥራው በጥቂት ቃላት ይታለፋል።

በ1949 ዩ 47 ወጣ። ከዚያ በፊት የማይክሮፎኑን የመስማት አቅጣጫ ለመለወጥ ጭንቅላቱን ፈትቶ ሌላ መግጠም ያስፈልግ ነበር፤ በዩ 47 አንድ ማብሪያ ማዞር በቃ። የአሜሪካ ዘፋኞችና የእንግሊዝ ስቱዲዮዎች ዓይናቸውን የጣሉበት ይህ ማይክሮፎን ነው። በውስጡ ቪ.ኤፍ. 14 የተባለ የቴሌፉንከን ቫልቭ ነበረው፤ ቫልቩ መመረቱ በቆመ ጊዜ ተተኪ መሻት ግድ ሆነና በ1960 ዩ 67 ተከተለው። ሁሉም ግን የየራሳቸው የኃይል ሣጥን፣ የየራሳቸው ብዙ ሽቦ ያለው ወፍራም ገመድ ነበራቸው። ዐሥር ማይክሮፎን ያለው ስቱዲዮ ዐሥር ሣጥን ነበረው ማለት ነው።

ትራንዚስተር ሲመጣ ሂሳቡ ተለወጠ። ትራንዚስተር እንደ ቫልቭ የሚግል ሽቦ የለውም፤ የሚበቃውም ከአንድ ሚሊ አምፔር በታች ሊሆን ይችላል። ይህን ያህል ጥቂት ኃይል ድምፁን በሚወስደው በዚያው ገመድ ወደ ማይክሮፎኑ መላክ አይቻልምን? መልሱን ኖይማን በወጣትነቱ የተማረው የስልክ ሙያ ያውቀዋል። የስልክ ሰዎች በሁለት ጥንድ ሽቦ ሦስት ንግግር ያስተላልፉ ነበር፤ ሦስተኛውን፣ የራሱ ሽቦ የሌለውን መስመር፣ ፋንተም አሉት፤ ምትሐት እንደ ማለት ነው። ማይክሮፎኑም ስሙን የወረሰው ከዚያ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ሚዛናዊ በሆነ ገመድ ውስጥ ድምፁን የሚወስዱ ሁለት ሽቦዎች፣ በዙሪያቸውም የሚሸፍናቸው መረብ አለ። በሁለቱ ሽቦዎች ላይ እኩል አርባ ስምንት ቮልት በሁለት እኩል ሬዚስተሮች፣ እያንዳንዳቸው 6.8 ኪሎ ኦም በሆኑ፣ በኩል ይጫናል፤ መመለሻው በመረቡ ነው። በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ልዩነት ስለሌለ፣ ልዩነትን ብቻ የሚሰማው መቅረጫ ኃይሉ መኖሩን አያውቅም። በደንብ የተሠራ የዳይናሚክ ማይክሮፎን ጠምዛዛ ሽቦም እንዲሁ አያውቅም። ከሁለቱ ሬዚስተሮች አንዱ ከሌላው ቢለይ ግን ሚዛኑ ይዛባል፤ ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣው ጉምጉምታም በዚያው ቀዳዳ ይገባል።

ቁጥሩ አርባ ስምንት የሆነው በኖርዌይ ምክንያት ነው። የኖርዌይ ብሔራዊ ሬዲዮ በ1966 ኖይማንን በዚህ መንገድ የሚሠራ ማይክሮፎን በጠየቀው ጊዜ፣ ብርሃን በሚያጥርበት በዚያ ሰሜናዊ አገር ስቱዲዮዎቹ ለመጠባበቂያ መብራት የተዘረጋ የ48 ቮልት መስመር ነበራቸው። ኖይማን ያን ቮልቴጅ ተቀብሎ ኬ.ኤም. 84ን ሠራ፤ በአርባ ስምንት ቮልት ፋንተም የሠራ የመጀመሪያው ማይክሮፎን ይህ ነው። ኋላም ቁጥሩ በጀርመን ደንብ፣ ቀጥሎም በዓለም አቀፍ ደንብ ጸደቀ። የኦስሎ የመብራት ሽቦ ዛሬ በጎንደር ባለው ሣጥን ላይ ተጽፎ መገኘቱ የቴክኒክ ታሪክ ብዙ ጊዜ በአጋጣሚ እንደሚሄድ ያሳያል።

እንግዲህ ሣጥኑ ጠፋ፤ በማደባለቂያው ውስጥ ተዋጠ። ወደ ሜዳ ለሚወጣ ባለሙያ ግን አልጠፋም። የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ የጋዜጠኛ ቴፕ ሬኮርደሮች፣ ዛሬም ብዙ ትንንሽ የኪስ መቅረጫዎችና ካሜራዎች አርባ ስምንት ቮልት አይሰጡም። ስለዚህ በማይክሮፎኑና በመቅረጫው መካከል የውጭ የፋንተም ሣጥን ይገባል፤ ከአንድ ወገን ኃይሉን ወደ ማይክሮፎኑ ይልካል፣ ከሌላው ወገን በካፓሲተር አግዶ ድምፁን ብቻ ወደ መቅረጫው ያሳልፋል። ብዙ ሰው ይህ ሣጥን ድምፅን የሚያጎላ ይመስለዋል፤ አያጎላም። ድምፁ ካነሰ መፍትሔው በመቅረጫው ማጉያ ላይ ነው።

ይህን ነገር ወደ አገራችን አምጥተን እንየው። የጎንደር በዓታ የአቋቋም ማስመስከሪያ ናት። በዚያ የሚቆመው ማኅሌት በመቋሚያ ብቻ ከሚሄደው ዝማሜ ተነሥቶ በመረግድ በኩል ወደ ጽፋት ሲወጣ፣ ከአንድ መሪጌታ ለስላሳ ድምፅ ተነሥቶ ከበሮው፣ ጸናጽሉና ጭብጨባው ሁሉ አንድ ላይ እስኪወርድ ድረስ ያለው ስፋት ለማይክሮፎን ከባድ ፈተና ነው። እዚህ ላይ የሣጥኑ ነገር ተራ ዝርዝር መሆኑ ይቀራል። ደንቡ የሚፈቅደው ከ44 እስከ 52 ቮልት ነው። ማይክሮፎኑ 4 ሚሊ አምፔር የሚወስድ ቢሆን፣ ሁለቱ ሬዚስተሮች ጎን ለጎን ሆነው እንደ 3.4 ኪሎ ኦም ስለሚቆጠሩ 13.6 ቮልት በመንገድ ይቀራል፤ ለማይክሮፎኑ የሚደርሰው 34.4 ቮልት ነው። ይህን ሠሪው ያውቀዋል፣ አስቦበታልም። ሣጥኑ ግን አርባ ስምንት ተብሎ ተጽፎበት ከሥር ሠላሳ የሚሰጥ ከሆነ፣ በገበያ ላይ እንዲህ ያለው ሞልቷል፣ ማይክሮፎኑ በዝማሜው ጊዜ ደኅና መስሎ በጽፋቱ ጊዜ ይሰነጠቃል። ጉድለቱ የሚታወቀው ከበሮው ከፍ ባለበት በዚያችው ደቂቃ ነው፤ ያ ማኅሌት ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ነው፣ መሪጌታውም ለከርሞ ላይኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ ጽሑፉን ሳይሆን መለኪያውን ማመን ይገባል፤ ከጉዞ በፊት በመሰኪያው ሁለተኛና ሦስተኛ እግር ላይ ከአንደኛው አንጻር ቮልቴጁን መለካት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ከመስመር ኃይልና ከባትሪ የትኛው ይሻላል ቢባል፣ ለጎንደርና ለሰሜን ደጋ እኔ ያለ ማመንታት ባትሪ እላለሁ። ማኅሌት የሚቆመው ሌሊት ነው፤ መብራት በሄደ ጊዜ ማኅሌቱ አይቋረጥም፣ የእኛ ቀረጻ ግን ይቋረጣል። ጄኔሬተር የሚያመጣውን ጩኸትና ጉምጉምታም ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል። አምስት ባለ ዘጠኝ ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ሲያያዙ 45 ቮልት ይሰጣሉ፤ ይህም በደንቡ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ወደ ስምንት ሲወርድ ግን ድምሩ 40 ነውና ያለቀ ነው ብሎ መቀየር ነው እንጂ ገና ይሠራል ማለት አይገባም። ደባርቅ ወጥቶ በውጭ ለሚቀርጽ ሰው ደግሞ ብርዱ የባትሪውን ጉልበት ይቀንሰዋል፤ ሣጥኑን በጋቢ ሥር ይዞ መቀመጥ የሚያስቅ ቢመስልም ትክክለኛ ሙያ ነው። ማይክሮፎኑም ከውርጭ ሌሊት ወደ ሞቀ ቤት ድንገት ሲገባ በሽፋኑ ላይ ጤዛ ይይዛል፤ በክረምት ወራት እርጥበቱ ብቻውን እንደዚሁ ያደርጋል። ያን ጊዜ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ በእርጥበቱ በኩል ያልቃል፤ ማይክሮፎኑ እንደሚጠበስ ነገር ይንጫጫል። መድኃኒቱ በሣጥኑ ውስጥ እርጥበት መጣጭ ከረጢት ማስቀመጥና ማይክሮፎኑ ቀስ ብሎ እስኪሞቅ መታገሥ ነው።

አገናኙን በተመለከተ፣ ገመዱ ሁሉ ከተሰካ በኋላና የመቅረጫው ማጉያ ዝቅ ብሎ ሳለ ነው ሣጥኑ የሚበራው፤ ጥቂት ቆይቶ ይረጋጋል። ሲጠፋም እንዲሁ፣ መጀመሪያ ኃይሉ፣ ኋላ ገመዱ። የሪቦን ማይክሮፎን ያለው ሰው ይበልጥ ይጠንቀቅ፤ በገመዱ ውስጥ አንዱ ሽቦ ከመረቡ ጋር ከተነካካ ኃይሉ በስሱ ሪቦን በኩል አልፎ ሊያበላሸው ይችላል። በአሮጌ የፊልም ማይክሮፎኖች ላይ የሚገኘው በሁለቱ ሽቦዎች መካከል የሚሰጥ 12 ቮልትም ከፋንተም የተለየ ነገር ነው፤ መሰኪያው አንድ ዓይነት መሆኑ ያሳስታልና ሁለቱ አይቀላቀሉ። ሣጥኑን ወደ መቅረጫው ማስጠጋት፣ ረጅሙን ገመድ ከማይክሮፎኑ እስከ ሣጥኑ መዘርጋት ይሻላል፤ ከሣጥኑ ወዲያ ያለው ገመድ ወደ ትንሽ መሰኪያ ሲወርድ ሚዛኑን ስለሚያጣ አጭር መሆን አለበት። የምንቆመው በቅኔ ማኅሌቱ ነው፤ በአለቃው ፈቃድ፣ ገመዱም የካህናቱን እግር በማይጠልፍበት በግድግዳው ሥር። ይህን የኖይማን ድርጅት ምክር አይጽፈውም፤ እኛ ግን ልናውቀው ይገባል።

ኖይማን በ1967 ዩ 87 ሲወጣ የስድሳ ስምንት፣ የስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነበር። ይህ ማይክሮፎን ከነተከታዩ እስከ ዛሬ በስቱዲዮዎች ይሠራል፤ ሐሰተኛውም በገበያ ከእውነተኛው በላይ ይገኛል። ኦገስት 30 ቀን 1976 በርሊን ውስጥ ሞተ። ከተማዋ ገና በግንብ የተከፈለች ነበረች፤ በጌፌል ያሉት የቀድሞ ሠራተኞቹና ተከታዮቻቸው ከግንቡ ወዲያ ከአንድ ሥር የወጣውን ማይክሮፎን እየሠሩ ነበር። ግንቡ በ1989 ከፈረሰ በኋላም ሁለቱ አልተዋሐዱም። የበርሊኑን ድርጅት በ1991 ዘንሃይዘር ገዛው፤ በ1999ም ስለ ቴክኒክ አስተዋጽኦው የግራሚ ሽልማት ተሰጠው። የጌፌሉ በራሱ ስም ማይክሮፎን መሥራቱን ቀጠለ። የሁለቱም ማይክሮፎን ከገመዱ የሚጠብቀው ያንኑ አርባ ስምንት ቮልት ነው።